የቤት ቁጥር ያለው ጊታር

ሰው ሁለት ዓይነት ነው ብል አትቆጡኝ፤ መስመር የሚያሰምርና መስመር የሚሰመርበት። አናጢ ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አውጥቶ ጣውላ ላይ ሲያሰምር አይታችሁ ከሆነ፣ ከማስመሩ በፊት ጣውላውን ይዳብሰዋል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለቱን ያያል፤ ጉጥ ካገኘ ዞር ብሎ ያልፈዋል። ካርታ ላይ የሚያሰምር ሰው ግን ምን ይዳብሳል? ወረቀት ጉጥ የለውም። ወንዙ እዚያ ላይ ሰማያዊ ክር ነው፣ ተራራው ቡናማ እድፍ ነው፣ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይታይም። እኔ በሙያዬ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ስለሆንኩ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም እል ነበር። ጠጋኝ ሌላው የዘረጋውን ሽቦ ይከተልና የተቃጠለውን ይፈልጋል፤ በቃ። እንደዚያ ብዬ የተመጻደቅኩበት ዘመን አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱን ትሰሙታላችሁ።

ነገሩ የሆነው ማስተር ፕላን የሚባለው ቃል ከሰበታ እስከ ሱሉልታ በሰው ሁሉ አፍ ላይ በነበረበት ጊዜ ነው፤ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ፕላን። ከዚያ በፊት በእኛ ሰፈር፣ በቡራዩ፣ ቃሉን የሚያውቁት ቢበዙ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ደላሎች ናቸው። በኋላ ግን የታክሲ ረዳቱም፣ ሽንኩርት ሻጯም፣ እኔም ሳልቀር የፕላን አዋቂ ሆንን። መንገድ ይዘጋል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሳይዘጋ የሚውለው የሰው አፍ ብቻ ነበር፤ እሱም ግራና ቀኙን እያየ። ሰውም ሞቷል። ሬዲዮ እንድጠግንለት ሰጥቶኝ ተመልሶ ሳይወስድ የቀረ ጎረምሳ አውቃለሁ። ሬዲዮው እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ጠግኜዋለሁ፣ ይሠራል። በእሱ ላይ ወግ አልወጋም። እኔ የማወጋችሁ ስለ አንድ በር ነው።

በሩ የኦቦ ዱጋሳ ነው። ኦቦ ዱጋሳ ከሱቄ ከፍ ብሎ ካለው ዳገት ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። ቤታቸው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ በሩ ግን ዋንዛ። አባታቸው ከተከሉት ዛፍ የተሠራ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው፣ በተከፈተ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው በር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቀይ ቀለም የያዙ ሰዎች መጡና መሐል በሩ ላይ በትልቁ 218 ብለው ጻፉበት። ለመንገድ ነው ተባለ። በሳምንቱ ደግሞ ለፓርክ ነው ተባለ። ኦቦ ዱጋሳ ቀለም ቀቢውን "ለምንድን ነው?" ብለው ቢጠይቁት፣ "አባባ፣ እኔ ቁጥር ብቻ ነው የምጽፈው" አላቸው። እውነቱን ነው። በዚህ አገር ሁሉም የታዘዘውን ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ቁጥሮቹን የሚደምራቸውን ሰው እስካሁን አግኝቼው አላውቅም።

ቤቱ ላይ ቀይ ቁጥር የተጻፈበት ሰው ምን እንደሚያደርግ የእኛ አካባቢ ነዋሪ ሳይነገረው ያውቀዋል። ማሽኑ ሳይደርስ በሩን ይነቅላል፣ መስኮቱን ይፈታል፣ ቆርቆሮውን ያወርዳል። ማሽን ከገባ በኋላ ዋንዛውም ጭቃውም አንድ ነውና። ኦቦ ዱጋሳም በራቸውን ነቅለው በአህያ ጋሪ ጭነው አመጡና እኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ አስደገፉት።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ" አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ ለማለት ነው።

"ነጋ" አሉኝ፤ ሰላም ነው ማለታቸው ነው፤ ፊታቸው ግን ሰላም አልነበረም። "ይኼን ውሰደው። ቤት ከሌለ በር ምን ያደርጋል? አንድ ነገር ሥራበት።"

"ምን ልሥራበት?"

"ደስ ያለህን። እሳት ብቻ አታስገባው።"

ማሽኑ በሦስተኛው ቀን መጣ። ኦቦ ዱጋሳ ተፍኪ ወዳለችው ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ግን በየሳምንቱ በሚኒባስ ወደ ቡራዩ እየመጡ ፍርስራሹ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ምን ይሠራሉ ብለው ለጠየቋቸው "ቤቴን እየጠበቅኩ ነው" ይላሉ። እኔም ሬዲዮአቸውን ተቀብዬ ያልተበላሸውን እጠግናለሁ።

"ደስ ያለህን" ማለታቸው ግን ጣጣ አመጣ። ለእኔ ደስ የሚለኝ ነገር አንድ ብቻ ነዋ። በወጣትነቴ የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ጊታር እጫወት ነበር ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ የጊታሩን ገመድ ነበር የምጠቀልለው። ጊታሩ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ከተመደበለት ሰው በቀር ማንም አይነካውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ገመድ ጠቀለልኩ። የራሴ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲኖረኝ እያልኩ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ባለቤቴ አልማዝ "ሌላው ባል ቪላ ያልማል" እያለች ትሰድበኛለች። ያን ሰሞን አድማ ስለነበር ሥራ የለም፤ ሦስት ቀን ቤታችሁ ዋሉ ሲባል የምውልበት ነገር ያስፈልገኛል። የዋንዛውን በር አየሁት። እሱም ያየኝ መሰለኝ።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። አካሉ ከበሩ ከቡራዩ ሆነ። አንገቱን ሱሉልታ አሮጌ አልጋ እየፈታ ከሚሸጥ ሰው ካገኘሁት የኮሶ አልጋ ጎን ላይ አወጣሁት፤ ኮሶ ጠጣር ነው፣ ክር ቢወጠርበት አይጎብጥም። ድምፁን ከክሩ ለቅሞ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጠው ዕቃ ማግኔቱን ሰበታ አንድ ጠጅ ቤት ከተበጠሰ ትልቅ ስፒከር ፈታሁ፤ ሽቦውን ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ፈትቼ በእጄ ጠመጠምኩ። አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍባቸውን ቀጫጭን ብረቶች ከብስክሌት ጎማ ራጂ ቆረጥኩ። አዲስ አበባ ያዋጣችው ስድስቱን ክሮች ብቻ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ቡራዩን ከአዲስ አበባ ጋር ያለ አንድ ተቃውሞ ያቀናጀሁ ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ከሁሉም ጠይቄ ነው የወሰድኩት።

ጥፋቴ የመጣው ከቀይ ቁጥሩ ነው። በሩን በመላጊያ ስልግ ቀለሙን ልፋቅ ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ቀዩ በዋንዛው ላይ አምሮ ታየኝና ተውኩት። ሰው ጊታሩ ላይ አበባ ያስላል፣ የእኔ ቁጥር ይኑረው አልኩ። ከዚያ እርሳሴን አነሳሁ። ጣት ወደ ቀጫጭኑ ድምፅ እንዲደርስ የጊታር ትከሻ በአንድ በኩል ጎድጎድ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። መስመሬ ስትዞር በስምንቱ ላይ ሳይሆን በአንዱና በስምንቱ መሐል አለፈች። ስምንቱ ውጪ ቀረ። አየሁት፤ አላየሁትም አልልም። ስምንት ቁጥር ለጊታር ምን ይሠራል ብዬ በመጋዝ ቆርጬ ጣልኩት። ለካ እርሳስ ከያዘ ሁሉም አንድ ነው።

ጊታሩ ያለቀ ቀን ከቫርኒሹ ሽታ ጋር ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ክር ስመታ ዕንባዬ መጣ። ሌላ ምንም አልጨምርበትም።

ከወራት በኋላ፣ በአንዱ የረብሻ ቀን፣ የአንድ ቢሮ መዝገብ ጠፋ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አልናገርም፤ እናንተም ቢሮ ታውቃላችሁ። የፈረሱት ቤቶች ስምና ቁጥር እዚያ መዝገብ ላይ ነበር። ስለዚህ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ምትክ ቦታ ይገባኛል የሚል ሰው የተጻፈበትን የቤት ቁጥር በአካል ይዞ ይቅረብ የሚል። ልብ አድርጉ፣ ቁጥሩን ነው እንጂ ባለቤቱን አላሉም።

ኦቦ ዱጋሳ በማግስቱ ከተፍኪ መጡ። "በሩስ?" አሉኝ።

ጊታሩን ከግድግዳ አውርጄ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ጀርባውን በመዳፋቸው ደባበሱት።

"ከስቷል" አሉ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ ጊታሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሽማግሌውን ተከትዬ ቢሮ ሄድኩ። ያን ሰልፍ ብታዩት! ቤት የሌላቸው በሮች ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ሴትዮ የመስኮት ፍሬም ታቅፋ በውስጡ ወደ ውጭ ትመለከታለች። ቁጥሩ ጭቃው ላይ የተጻፈበት አንድ ሰውዬ የግድግዳውን ቁራጭ በአንሶላ ይዞ ሲመጣ መንገድ ላይ ተፈርፍሮበት፣ አቧራውን ዘርግቶ "ሠላሳ ሰባት ነበር" እያለ ይምላል። አርፍዶ የሚመጣው ሰው ፊቱ ያለውን በር አንኳኩቶ "የመጨረሻው ማን ነው?" ሲል፣ ከበሩ ጀርባ "እኔ ነኝ" ይባላል። ሰፈራችን ፈርሶ እንደገና የተሰበሰበው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው፤ እንደ ድሮው ተጎራብተን ስንሳሳቅ ዋልን።

ተራችን ደርሶ ገባን። የምትጽፈው ልጅ እግር ሴት ናት፤ ሥርዓት ያላት፣ ደክሟት የዋለች።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለች።

"በር ነው" አሉ ኦቦ ዱጋሳ።

"ጊታር ነው፣ አባባ።"

"አሁን ጊታር ነው። ቤት እያለኝ በር ነበር።"

ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ መሬት መሬቱን አየሁ። "ቁጥርዎ ስንት ነው?"

"ሁለት መቶ አሥራ ስምንት።"

ጊታሩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አነበበች። "እዚህ ያለው ሃያ አንድ ነው። ሃያ አንድ ደግሞ የእኛው መሥሪያ ቤት ሽንት ቤት ነው፤ ቀለም የያዙት ሰዎች ሳያውቁ ጽፈውበት ነው። ሽንት ቤቱ የእኔ ነው እያሉኝ ነው?"

"አላልኩም፣ ልጄ።"

"ስምንቱን እስከ ዓርብ ይዘው ይምጡ። ከዓርብ በኋላ ምዝገባ የለም።"

ስንወጣ ኦቦ ዱጋሳ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ስምንቱን ምን አደረግከው?" ብቻ አሉኝ። ሽማግሌው ለቀሪ ዕድሜያቸው መጠጊያ የምትሆናቸውን ቁራሽ መሬት፣ እኔ ጣቴ ወደ ቀጭኑ ድምፅ እንድትደርስ ብዬ ቆርጬ እንደጣልኳት ያን ጊዜ ገባኝ። ደረቴ ላይ የተንጠለጠለው ጊታር ከበድኩ አለኝ።

ቤት ገብቼ አልማዝን የቁርጥራጩን ጆንያ ጠየቅኳት። መብራት በጠፋ ጊዜ ለምድጃ አዋልኩት አለችኝ። ሁሉንም? ሁሉንም። ምን ሠራሽበት? ሽሮ። ኦቦ ዱጋሳ እሳት አታስገባው ያሉኝ ትዝ አለኝ። የሰው ቤት በሽሮ ወጥ መልክ መብላቴን እያሰብኩ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። አልማዝ ናት ሐሙስ ዕለት ድንገት ቆም ብላ፣ "ሐጂ ግን ለፍሪጃቸው እግር አንድ ቁራጭ ወስደው የለ?" ያለችኝ።

ሐጂ ከማል ከሱቄ ጎን ያለው የሸቀጥ ሱቅ ባለቤት ናቸው፤ አባታቸው ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ። በከባዱ የረብሻ ቀን ኦቦ ዱጋሳ ከፍርስራሻቸው ተነስተው ወርደው፣ በርጩማ አምጥተው የሐጂ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ እሳቸው ባሉበት ድንጋይ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሐጂ ይህን አልረሱም። ሮጬ ገብቼ ፍሪጃቸው ሥር በግንባሬ ተደፋሁ። ወለላቸው ዘመም ያለ ስለሆነ አንደኛው የፍሪጅ እግር ሥር እንጨት ገብቶበታል። እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ ላዩ ላይ ቀይ ስምንት አለ።

"ሐጂ፣ ይኼ የኦቦ ዱጋሳ ቤት ነው።"

"የቱ?"

"ፍሪጅዎን የተሸከመው።"

አብራራሁላቸው። ሐጂ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙኝና፣ "እኔ ደግሞ ይኼን ሁሉ ጊዜ ለስላሳ ሳቀዘቅዝበት ከረምኩ" አሉ። ፍሪጁን በትከሻቸው ቀና ሲያደርጉልኝ ስምንቱን አወጣሁ፤ በቦታው የጠርሙስ ሳጥን ገባ። ጠርገው፣ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ዓርብ ጠዋት ከስግደታቸው በፊት ለምስክርነት ራሳቸው ተከተሉን።

ጸሐፊዋ ስምንቱን ከጊታሩ ትከሻ ጋር ገጠመችው። መጋዝ የሄደበት መስመር ፀጉር አያሳልፍም፤ የዋንዛው የተፈጥሮ ጭረት እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ተከትሎ ሄደ። 218። ኦቦ ዱጋሳ "ገለቶማ" አሏት፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። እሷም አዲሱን መዝገብ ከፍታ ጻፈች፤ ጊታሩን ገልብጣም ጀርባው ላይ ክብ ማህተም መታችበት። መዝገቡ ላይ "አስተያየት" በሚለው ዓምድ ሥር ምን እንደጻፈች ተንጠራርቼ አነበብኩት፤ "በሩ ስድስት ክር አለው" ይላል። እንዲህ ያለ ታማኝ ጸሐፊ በሕይወቴ አላየሁም። ማታውኑ ስምንቱን በኮላ ከትከሻው ጋር አጣበቅኩት፤ ጣቴ ወደ ቀጭኑ ድምፅ መድረሷ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ ኀዘን የገባበትም ቤት ቢሆን ቢያንስ ተነፈሰ። ኦቦ ዱጋሳ ግን ምትክ ቦታቸውን ሲጠብቁ ደብዳቤ ደረሳቸው። እኔ ጋ አምጥተው አነበብኩላቸው። ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ፕላኑ ስለተሰረዘ በፕላኑ ምክንያት የሚፈርስ ቤት የለም፤ ስለሆነም የቤት ቁጥር 218 ያልፈረሰ መሆኑን እየገለጽን፣ ላልፈረሰ ቤት ምትክ ቦታ የማይሰጥ መሆኑን እናስታውቃለን።

ሁለተኛ አንብብልኝ አሉኝ። አነበብኩ። ደሜ ፈላ፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ተረት የፈጠረውንም ሰው ረገምኩት። እሳቸው ግን ጣታቸውን ደብዳቤው ግርጌ ላይ አሳረፉ።

"ፊርማ አለው?"

"አለው፣ ኦቦ።"

"ማህተምስ?"

"አለው።"

"ቶሌ" አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ደብዳቤውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ከዘራቸውን አነሱ። "ቤቴ ካልፈረሰ ትንሽ ጭቃ ረግፎበታል ማለት ነው። እለስነዋለሁ።"

አዲስ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የቆመን ቤት ጭቃ ለመለሰን ግን ማን ፈቃድ ይጠይቃል? በሳምንቱ ሰፈሩ በደቦ ወጣ። ሐጂ ሚስማር ይዘው መጡ፣ እኔ ሽቦ ዘረጋሁ፣ ልጃቸው ከተፍኪ መጥታ ጭድ አስረገጠች። በአሥር ቀን ያው ቤት ባለበት ቦታ ቆመ፤ በሩ ብቻ ቆርቆሮ ሆነ። ወሬው የደረሳቸው ሁለት የቢሮ ሰዎች ሊያስቆሙ መጡ። ኦቦ ዱጋሳ ደብዳቤውን ሰጧቸው። አነበቡት፤ ተቀባበሉና ደገሙት። የራስን ማህተም መካድ ከባድ ነው።

"ታዲያ ቁጥሩ የታለ?" አለ አንደኛው፣ ቆርቆሮውን በር እያየ። "218 በር ላይ ተጽፎ ነው የተመዘገበው። መዝገቡ ላይ ደግሞ በሩ..." ከመዝገቡ የተገለበጠውን ወረቀት ጠጋ አድርጎ አየ። "...ስድስት ክር አለው ይላል።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ኦቦ ዱጋሳ ብቻ አልዞሩም፤ ሊለምኑኝ አልፈለጉም። ሱቄ ወርጄ ጊታሩን ይዤ ወጣሁ፤ መንገዱ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ከቆርቆሮው በር በላይ ሚስማር መትቼ በገዛ እጄ ሰቀልኩት። ሰዎቹ ክሮቹን አንድ ሁለት ብለው ቆጠሩ፣ ጀርባውን ገልብጠው ማህተሙን አዩ፣ ፈረሙ። ሲሄዱ፣ ለማጣራት በማንኛውም ሰዓት ድንገት ልንመጣ እንችላለን፤ ቁጥሩ ከቦታው የታጣ ቀን ቤቱ ሕገወጥ ነው ብለው አስጠነቀቁ።

ከፍቶኛል፤ አልዋሽም። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ጊታር የሰው ቤት ታርጋ ሆኖ ቀረ። ግን ከዳገቱ ላይ ጭስ ሲወጣ ሳይ፣ እዚያ ሽማግሌ ሰው በገዛ ጣሪያቸው ሥር መሆናቸውን ሳውቅ፣ እንዲህ ደስ የሚል ንጥቂያ ደርሶብኝ አያውቅም እላለሁ።

ደግሞም እጫወታለሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሱቄን ዘግቼ እወጣለሁ። ኦቦ ዱጋሳ በርጩማ ላይ ወጥተው የቤታቸውን ቁጥር ከሚስማሩ ያወርዱና አቧራውን በጋቢያቸው ጠርገው ይሰጡኛል። ገመዱን ከዚያው ከአሮጌው ሬዲዮአቸው ጋር አገናኛለሁ፤ ድምፁ ትንሽ ይንቋቋል፣ እሳቸው ግን በሩ ድሮም እንደዚያ ነበር ይላሉ። ከዚያ ደጃፍ ወጥተው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ አድርገው ይቆማሉ። ጊታሩ ጭኔ ላይ እስካለ ድረስ ቤቱ ቁጥር የለውም፤ ሰዎቹም በማንኛውም ሰዓት ሊመጡ ይችላሉ።

ስለዚህ አጫጭር ዘፈን ነው የምጫወተው።